ማጣሪያና የመስኮቱ ሰውዬ

ወንድሜ ዓይኑን እንዲታከም ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። ብሆን ደስ ባለኝ፤ እህቱ ነኝ፣ አብሬው እውላለሁ፣ አፌም አይቦዝንም። ያደረገው ግን ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ የሚፈጅ የጌም ማስታወቂያና አንድ ስሙን የማናውቀው ባለጌ ነው።

ወንድሜ ሞባይል ጠጋኝ ነው። እኔም እንደዚያው። ከአባታችን በወረስናት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚጠብቅባት ሱቅ ውስጥ እሱ ይበይዳል፣ እኔ ስክሪን እቀይራለሁ፤ ከደንበኛ ጋር የምጨቃጨቀውም እኔው ነኝ። ብየዳ ስላችሁ የበር ብየዳ እንዳይመስላችሁ። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ዕቃ በወረንጦ ይዞ ቦታዋ ላይ ማሳረፍ ነው። የምንበላው በእሱ ዓይን ነው ብል አልዋሸሁም።

ጓደኞቹ “ማጣሪያ” ይሉታል። ስሙ የወጣለት “አመድ” ከሚባለው ጌም ነው። በአመድ ውስጥ ዓለም በጦርነት ጠፍታለች፤ የተረፈው ሰው የውኃ ማስተላለፊያ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ መርዝ ስለሆነ ጭምብል ታጠልቃለህ። የጭምብሉ ማጣሪያ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ካልቀየርከው ታፍነህ መሞት ነው። ወንድሜ ይህን ጌም የጨረሰው አሥራ አንድ ማጣሪያ በኪሱ ይዞ ነው። እየሳለ፣ እየተንገዳገደ፣ ስክሪኑ እየጨለመበት፣ ማጣሪያውን ግን ለክፉ ቀን ብሎ አስቀምጦ። “ወንድም ዓለም፣ ዓለም ጠፍቶ ሌላ ምን ክፉ ቀን ትጠብቃለህ?” ብዬው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ። በኑሮውም ያው ነው። ከሞተ ስልክ የወጣ ብሎን አይጥልም፤ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይሞላና መደርደሪያ ላይ ይደረድረዋል።

እሑድ ከሰዓት የላሜራውን በር ግማሽ ድረስ አውርደን ሱቅ ውስጥ እንጫወታለን። አራት ነን። እኔና ወንድሜ፣ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ሹፌሩ፣ ሂሳብ የሚያስተምረው መምህሩ። የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ ጎልማሶች ሆነን ዛሬም ጌም እንጫወታለን፣ የሚያፍርልን ካለ ይፈርልን። አዲስ ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ሕግ አለን። ሦስት ጊዜ እናያለን። መጀመሪያ ማንም ትንፍሽ ሳይል፤ ሁለተኛ እያቆምን፤ ሦስተኛ እየተጨቃጨቅን።

አመድ ሁለት ይወጣል ተብሎ ስድስት ዓመት ጠብቀናል። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ፣ ፋኖስ ይዞ እስከ መጨረሻው ድረስ የሚመራህ ሽማግሌ አንተን ከብረት በሩ ውጭ ገፍትሮ እሱ ውስጥ ይቀራል። ሞተ? አልሞተም? ስድስት ዓመት የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። ሹፌሩ ያኔ አልቅሷል፤ አላለቀስኩም ይላል እንጂ።

እና ማስታወቂያው ወጣ። እሑድ ተሰበሰብን፣ ወንድሜ እንደ ልማዱ መሃል ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ከፈትነው። በረዶ የጫነው አውራ ጎዳና፣ የተገለበጡ መኪናዎች፣ በጭምብል ውስጥ የሚሰማ ትንፋሽ። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ክፍል ይታያል። በግራ ጥግ መስኮት አለ። ስክሪኑ ሊጠቁር አንድ ሰከንድ ሲቀረው በዚያ መስኮት አንድ ነገር እልፍ አለ።

ሕጉ ትንፍሽ አይባልም ቢሆንም ሦስታችንም ከመቀመጫችን ብድግ አልን። ወንድሜ ንቅንቅ አላለም።

“አያችሁት?” አለ ሹፌሩ። “ሽማግሌው ነው። በቃ በሕይወት አለ።”

“መጋረጃ ይሆናል” አለ መምህሩ። መምህሩ ደስታ አይወድም።

“ምኑን ነው የምታወሩት?” አለ ወንድሜ።

“መስኮቱን ነዋ” አልኩት። “ያለፈውን።”

“ምንም አላለፈም። አንዲት ነገር ከተንቀሳቀሰች ዓይኔን ግንባር ያድርገው።”

ሁለተኛውን ዙር አቁመን አሳየነው። ወደ ግራ ዞሮ አየና ከንፈሩን ጣለ። ቆሞ ሲታይ ደብዛዛ ጥላ ነው፣ እውነቱን ነው። “ይሄ የተሰቀለ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ አይሄድም” አለ። ሦስተኛው ዙር ጭቅጭቅ ስለሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ሹፌሩ መንገዱን ወደደው፤ መምህሩ የበፊቱ ጌም ብቸኝነቱ ነበር የሚያምረው፣ አሁን ወሬ በዝቶበታል አለ። ወንድሜ ደግሞ ሥዕሉ ከመጠን በላይ ጨልሟል ብሎ ተቆጣ። እኔ የበፊቱ ይብስ ይጨልም ነበር ባይ ነኝ።

በማግስቱ የጌመኞቹ ገጽ በዚሁ ወሬ ታመሰ። ገሚሱ “ሽማግሌው ነው” ይላል፣ ገሚሱ “መጋረጃ ነው”። አንዱ ፋኖሱ ታየኝ ብሎ ቀይ ክብ አስምሮበታል። አንዷ “እንዲህ ያለ ተስፋ የሌለው ጌም ከሥራ ስገባ ለምን እጫወታለሁ?” ብላ ጠይቃ አርባ ሰው ሰድቧታል። ወንድሜም ዝም አላለም። ሙሉ ገጽ ጻፈ። “መስኮቱ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም፣ ሰው የሚያየው የሚመኘውን ነው” የሚል። ከሥሩ ያ ባለጌ መለሰለት፦ “ወንድሜ፣ መጋረጃም ይሁን ሰው አንድ ነገር መንቀሳቀሱን ያላየ አንተ ብቻ ነህ። ዓይንህን ታከም።” ሦስት መቶ ሰው ወደደለት።

ጮክ ብዬ አነበብኩትና ሳቅሁ። ወንድሜ እየተናደደ ሲነሳ በግራ እጁ የብሎኑን ሳህን ደፋው። በዚያ ወር ለሦስተኛ ጊዜ ነው። “ዓይንህ የት ነው?” ልለው አፌን ከፈትኩና ሳልለው ቀረሁ። ሳህኑ ሁልጊዜ በግራው ነው የሚቀመጠው። የሱቁ በር ጠርዝ ያበለዘው ትከሻውም ግራው ነው። ፈራሁ።

ምክንያት አለኝ። አባታችን እዚችው ሱቅ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ነበር። ዓይኑ ከዳር ዳር እየጠፋ ሄዶ ጨርሶ ጨለመ። ሰው ሁሉ “ከሥራው ነው፣ ጥቃቅን ነገር ሲያይ ኖሮ” አለ፤ እኛም እንደዚያው አልን። ከታወረ በኋላም ቤት መዋል እንቢ ስላለ፣ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቱ የነበረው ወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እጁን ይዞ ሱቅ ያመጣው ነበር። አባዬ ይቀመጥና የሰዎችን ሰዓት ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ስለዚያ ሦስት ዓመት ወንድሜ አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም።

በዚያ ሳምንት የቀድሞውን አመድ እንጫወት አልኩትና ሲሞት ቆጠርኩ። ዘጠኝ ጊዜ ሞተ። ስምንቱን ጠላት የመጣበት ከግራ ነው። “ጌሙን አበላሽተውታል፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ” ይላል። ድምፅማ እያሰሙ ነበር የሚመጡት። ያኔ ፊት ለፊት ነገርኩት። “አባዬም እንዲህ ነው የጀመረው። እንሂድና ታይ” አልኩት።

“እኔ አባዬ አይደለሁም” አለ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቀን መኮራረፍ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ወረንጦ ስፈልግ እንኳን በዓይን ጠቅሼ ነው የማስመጣው፤ ጥቅሻውንም ከግራ ከሆንኩ አያየውም።

በሦስተኛው ቀን ደሜ ፈላና ሌላ መንገድ ያዝኩ። ወንድሜን ፍርሃቱን ነክተህ ከቤት አታወጣውም፤ እልሁን ነክተህ ግን የትም ትወስደዋለህ። “ያ ሰውዬ ዓይንህን ታከም ብሎህ ሦስት መቶ ሰው አጨብጭቦለታል” አልኩት። “እኔ ብሆን ሄጄ ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት አስጽፌ ፎቶውን እለጥፍለት ነበር።”

ወረንጦውን አስቀመጠ። “ማኅተም ይመቱበታል?” አለኝ።

“ለምን አይመቱም?”

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ ትልቅ ሰውዬ በገጽ ላይ ክርክር ለማሸነፍ ዓይን ክሊኒክ የሄደው።

እዚያ አንድ መሣሪያ አለ። አገጭህን አስደግፈህ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ታያለህ፤ ወዲያና ወዲህ ጥቃቅን መብራት ብልጭ ይላል፤ ባየህ ቁጥር በእጅህ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ። ቁልፉን ሲያስይዙት “ይሄማ ጌም ነው” አለ። ሲጨርስ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። “አንዲትም አላመለጠችኝም።”

ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁለት ክብ ነው፣ ለያንዳንዱ ዓይን አንድ። የግራው ከመሃሉ በቀር ቀለም የተደፋበት ይመስላል። የቀኙም በአፍንጫ በኩል መጥቆር ጀምሯል። “በእነዚህ ጥቁር ቦታዎች ሁሉ መብራት ነበር” አለችው። “እርስዎ አልተጫኑም።”

“አልነበረም” አለ ወንድሜ።

“ነበር።”

ወደ እኔ ዞረ። ሙሉ ፊቱን፣ አንገቱን ጭምር አዙሮ፤ በግራው ነበር የተቀመጥኩት። “እንደ መስኮቱ ነው?” አለኝ።

“እንደ መስኮቱ ነው” አልኩት።

ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሐኪሟ ግላኮማ እንደሚባል ነገረችን። የሄደው አይመለስም፤ የቀረው ግን በጠብታ ይቆያል። ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ። ሕመም ስለሌለው ሰው ቸል ይለዋል፣ እርስዎ እንዳይሉት አለችው። ከቤተሰብ የታመመ አለ ወይ ስትለው “አባቴ። ግን የእሱ ከሥራው ነው” አለ።

“ከሥራ አይመጣም” አለች። “አባትዎ ያኔ ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ይረዱ ነበር።” ክፋት የላትም፤ የተጠየቀችውን መለሰች። ወንድሜ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያይ ነበር። እኔንም አስቀምጣ አየችኝ። የእኔ ለጊዜው ደህና ነው፤ በየዓመቱ መታየት አለብኝ።

ስንመለስ መንገድ ሲሻገር ክንዱን ያዝኩት። ይነጥቀኛል ብዬ ነበር። “አባዬ እጁን ሲሰጠኝ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር” አለኝ፤ ስለዚያ ጊዜ ከአፉ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ሱቅ ገብቶ በርጩማው ላይ ሳይቀመጥ ስልኩን አውጥቶ ለዚያ ባለጌ ጻፈለት። “ታየሁ። ልክ ነበርክ። አመሰግናለሁ።” ሰውዬው የሳቅ ምልክት ላከ። ቀልድ መስሎት ነው። ወንድሜም ሌላ አልጻፈም።

የብሎኑ ሳህን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ደንበኛ መቀበያው ወደ ግራ። ሦስት ሳምንት እንደሄድን ግን የጠብታው ብልቃጥ ያለልክ መሙላቷን አየሁ። ማታ ማታ እየዘለለ ነበር። “ለክፉ ቀን ነዋ፣ ከገበያ ቢጠፋስ?” አለኝ። መደርደሪያው ላይ የብሎኖቹ ብልቃጦች አጠገብ ሁለተኛ ብልቃጥ ሳይከፍት አስቀምጧል። ሥራዬን ጣልኩት።

“ክፉው ቀን ይሄ ነው፣ ወንድም ዓለም” አልኩት። “ሌላ አትጠብቅ።”

ቀና ብሎ ዓይኑን ከፈተልኝ። ጠብታውን ጨመርኩለት። ከዚያ ወዲህ አልዘለለም።

ባለፈው እሑድ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ከፈትነው። ሹፌሩና መምህሩ የዓይኑን ነገር ሰምተዋል። ወንድሜ በርጩማውን ይዞ ወደ ግራው ግድግዳ ተጠጋና ተቀመጠ። በረዶው፣ መኪናዎቹ፣ ትንፋሹ አለፉ። ባዶው ክፍል ሳይመጣ ገና አንገቱን አዙሮ መስኮቱ የሚመጣበትን ጥግ ይጠብቅ ጀመር።

“ተንቀሳቀሰ” አለ።

ሹፌሩ ጣራ ጣራውን ያያል።

“መጋረጃ ነው ግን” አለ ወንድሜ።

“አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን…” ብሎ ጀመረ ሹፌሩ ከልማዱ፣ ከዚያ አፉን ያዘ።

“ታክሜያለሁ” አለ ወንድሜ። “መጋረጃ ነው።”

ሽማግሌው ስለመሆኑ እኔ ቅንጣት አልጠራጠርም። ያን ቀን ግን አልተከራከርኩትም።