ፍሬንና ቅባ ቅዱስ

ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ስለ ፍሬን አስተማሪ አያስፈልገውም። እኔ ከዚያ ማዶ ነው የተወለድኩት። ልጅ ሳለሁ ቁልቁለቱ ሲጀመር ወሬ ይቆማል፤ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይጸልያሉ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሲመጣ ደግሞ እኛ ልጆች ገደሉን ትተን የሹፌሩን እግር እናያለን። ያን ፍርሃት ይዤ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። የጠሉት ይወርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ያገባሁት ሰው የመኪና እሽቅድምድም የሚወድ ሆኖ ተገኘ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ነፋስ ስልክ፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ በሥራ ቀን ቢሮ ይውላል፤ ቅዳሜ ግን ከትንሿ ፊያት መኪናው ሥር አይጠፋም። የሚወዳደሩት ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ በርሜል ደርድረው ነው። መጀመሪያ የተወዳደረ ጊዜ አልሄድኩም። ሲመለስ የመኪናዋ አፍንጫ ተጨራምቶ፣ ሣር ተሰክቶባት አየሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም። ፍሬኑ ጋለና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። በርሜሉን ገፍቼ ሜዳው ላይ ቆምኩ።»

«ሜዳ ባይኖርስ?»

«ሜዳማ አለ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ወዲያ በር ሲንኳኳ ሁሉ መርዶ ይመስለኝ ጀመር።

ለሁለተኛው ውድድር መኪናዋን ሊያሻሽል ተነሣ። መጀመሪያ ጎማ ነው የመረጠው። ጎተራ አካባቢ ካለ ጎሚስታ ሰፋ ያለ፣ ጥርሱ አጭር፣ ሲጫኑት ለስለስ የሚል ጎማ አመጣ። ለስላሳው አስፋልቱን ይነክሳል አለኝ። ቀጥሎ አካሏን የተሸከሙትን ሞላዎች በአጭርና በጠንካራ ለወጠ፣ ሾክ አብዞርበሩንም እንዲሁ፤ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል ነው። መኪናዋ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ መሬት ላይ ተለጥፋ ቀረች። የሰፈራችን ኮረት ሆዷን ሲፍቃት፣ ውስጥ ሆኜ እግሬን አነሣለሁ።

«ቆይ እንጂ፣» አልኩት እራት ላይ፤ «ጎማው እንድትፈጥን ነው፣ ሞላው እንድትፈጥን ነው። የሚያቆምህስ?»

«እሱ መጨረሻ ላይ ነው።»

«መጨረሻውንማ አየሁት፤ ሣር ይዞ መጣ።»

በሳምንቱ ሙቀት የሚችል አዲስ የፍሬን ሸራ፣ ቶሎ የማይፈላ የፍሬን ዘይትም ይዞ ገባ።

በውድድሩ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ተሰቅላ የፊት ጎማዎቿ ወልቀዋል። አዲሱ ሸራ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። «ወጥ በነካ እጅሽ እንዳትነኪው። የዘይት ቦታው ቧንቧው ውስጥ ነው፤ ከውጭ ጠብ ካለበት መኪናዋ አትቆምም» ብሎኝ፣ የጎደለ መፍቻ ሊያመጣ ጋራዥ ሄደ።

ያኔ አከራያችን እትዬ ብቅ አሉ። አገሬ ሩቅ ስለሆነ «እዚህ እናትሽ እኔ ነኝ» የሚሉኝ ሴት ናቸው። በእጃቸው ከገዳም ያመጡትን የቅባ ቅዱስ ብልቃጥ ይዘዋል።

«ነገ አይደል የሚሄደው?»

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ እንዲሁ ልትሸኚው ነው? እንደሚታረድ ፍየል?» ጎንበስ አሉ። «የሚያቆመው የትኛው ነው?»

ሸራው ጨምቆ የሚይዘውን፣ የሚያብረቀርቀውን ክብ ብረት አሳየኋቸው። ለምን እንደጠየቁኝ የገባኝ ጣታቸውን ብልቃጡ ውስጥ ሲያስገቡ ነው።

«እትዬ...»

«በስመ አብ ወወልድ...» ብለው ጀምረዋል። በስመ አብ የተጀመረን ነገር ማን ያቋርጣል? ብረቱ ላይ መስቀል ሠሩ፤ አልበቃቸው ብሎ ጨመር አደረጉበት። ዞረው ሌላኛውንም ቀቡ። «አሁን ማን ይነካዋል!» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ዘይቱ በብረቱ ላይ ቁልቁል ተንሸራተተ። ካልጠረግኩት ነገ አይቆምም። ከጠረግኩት ደግሞ መስቀል በእጄ መደምሰሴ ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስበት የባሏን በረከት የገፈፈች ሴት እኔ ነኝ። ሸራው ገና ሳይገጠም የመቃጠል ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ሊማሊሞ ትዝ ያለኝ፦ እናቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም።

ቅባውን በጋራዥ ጨርቅ መንካት ግን አልቻልኩም። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ከዚያ በኋላ ነው ቤንዚን በጨርቅ አድርጌ፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ደጋግሜ ያሸሁት።

ባለቤቴ ሲመለስ «ብረቱን በቤንዚን ጠርጌዋለሁ» አልኩት። በጣቱ ዳሰሰው። «አንቺ፣ ሜካኒክ ሆንሽ እኮ!» የቀረውን አልነገርኩትም፤ ይስቃል ብዬ ፈራሁ።

ሸራውን ገጥሞ ሲጨርስ ከቧንቧው አየር ማስወጣት ስለነበረበት ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እሱ ታች ሆኖ «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ይላል፤ እኔ በረገጥኩ ቁጥር መኪናዋ የምትወድቅበት ይመስለኛል። ፔዳሉ መጀመሪያ እንደ ሊጥ ነበር። ኋላ ጠንክሮ እግሬን መለሰው።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ያንኑ ነጠላ እንደለበስኩ አብሬው ሄድኩ። ኩርባው አጠገብ ቆምኩ። መኪናዋ ወደ በርሜሎቹ ስትመጣ ቀኝ እግሬ ብቻውን መሬቱን ረገጠ፤ «ያዢ» አልኩ ለራሴ። አፍንጫዋን ደፋ አደረገች፣ ያዘች፣ ዞረች። በየዙሩ ረገጥኩ። የሸራ ሽታ ሲመጣ የነጠላዬን ጫፍ ጨበጥኩ። ስንተኛ እንደወጣ አላስታውስም፤ ከመኪናዋ በእግሩ መውረዱን ግን አስታውሳለሁ።

እትዬ በር ላይ ጠበቁን።

«ቆመ?»

«ቆመ፣ እትዬ።»

«ቅባው ነው!» አሉ። የጠቆረውን የነጠላ ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፍኩ።

«ለሚመጣው ውድድር ደግሞ ከኋላ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣» አለ ባለቤቴ ገና ሳይቀመጥ።

«ብልቃጡም አላለቀም፣» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ለሚመጣው ቅባው የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ቢሆንስ?» አልኩ።

«ለምን?»

«ታች ጭቃ ይነካዋል።»

መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩ። «እውነትሽን ነው፣» አሉ። «ጭቃ ላይማ ነውር ነው።»