ግንደ ቆርቁርና የረግረጉ መንገድ

«ግንደ ቆርቁር» የሚለውን ስም ያወጣችለት የበሩ ትኬት ቆራጭ ናት። ረግረጉ ለጎብኚ በተከፈተበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ከደንገሉ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ትሰማና «ይሄ ወፍ እንቅልፍ የለውም እንዴ?» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ወፉን ልታይ በጣውላው መንገድ ስትሄድ ያገኘችው ቀጭን አናጢ ነው። ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ወደ እንጨቱ አዘንብሎ፣ ጣውላ በመዶሻ እጀታ ያንኳኳል። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ።

አናጢው ወደዚህ የመጣው ለሁለት ወር ሥራ ነበር። ሦስት ኪሎ ሜትር የጣውላ መንገድ በውሃው ላይ ተዘርግቶ ሲያልቅ ሌሎቹ አናጢዎች ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ እሱ ቀረ። ረግረግ እንጨትን አይምርም። ዛሬ የተመታ ጣውላ ከጥቂት ክረምት በኋላ ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ላዩን ላየው ሰው ግን ደህና ይመስላል። ስለዚህ በየማለዳው ያንኳኳል። ጤነኛው ጣውላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው እንደ ጉንፋናም ሰው ያፍነዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ከተመቱት ጣውላዎች አንድም ሳያስቀር ሁሉንም በእጁ ቀይሯል። በእሱ መንገድ ላይ እንጨት ከድቶት ውሃ የገባ ጎብኚ የለም፤ ይህን ግን ራሱ አንድም ቀን ሲያወራው የሰማ የለም።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው፤ እቴቴ ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ሲሞቱ እሱ የሰባት፣ እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ለትዳር የጠየቃትን ሁሉ «መጀመሪያ ይሄን ልጅ ላሳድግ» እያለች መልሳ በመርፌና በክር አሳደገችው። ከአምስት ዓመት በፊት ሕመም ወገቧን ያዛትና እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። አናጢው ያኔ አልቅሶ አልተቀመጠም። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ፈትቶ በእጅ የሚዞር መዘውር ገጠመላት፤ የመቁረጫውን ጠረጴዛ እግር አሳጠረ፤ የቤቱን ደፍ በመጋዝ ቆርጦ ጣለ። እሷም ሳምንት ሳይሞላት «በል የፓርኩን ጥበቃዎች ዩኒፎርም አምጣ፤ እጄ አልታመመ» አለችው።

እራት ላይ የዋለበትን ይነግራታል። የውሃ አበባው ስንት ሰዓት ላይ እንደፈነዳ፣ ሽመላዋ ጫጩቶቿን እንዳስፈለፈለች፣ አዞው መንገዱ ሥር ተጋድሞ ሰዉ ሁሉ ሳያየው በላዩ እንዳለፈ። እግሯ ደህና በነበረበት ጊዜ «ነይ ላሳይሽ» ሲላት «ጭቃ ለማየት ትኬት ልቁረጥ? ጓሮዬ ሞልቶልኝ የለ!» ትለው ነበር። ከታመመች በኋላ አንድ ቀን ግን ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣

«እንዲያው እውነት አንድ ግንድ ላይ አሥራ አንድ ኤሊ ይሰለፋል?» አለችው።

«ልዋሽሽ ነው?»

«ዋሸህ አልወጣኝም። በዓይኔ ልይ ነው ያልኩት።»

እሑድ ጠዋት አዲሱን ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ ይዟት ሄደ። መግቢያው ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ሁለት ጥበቃዎች ተሸክመው አሳለፏት። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄዱ የወንበሩ ትንሿ የፊት ጎማ በሁለት ጣውላዎች መካከል ገብታ ተቀረቀረች። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ መድረሻ እንዳያጣ ብሎ እሱ ራሱ የተወው ክፍተት ነበር። ወንበሩ ቀጥ ሲል እቴቴ በእጆቿ ወደ ፊት ተደፋች። መዳፎቿ ተላላጡ። ጎብኚዎች ተሯሩጠው አነሷት፤ አንዲት ሴትዮ «ምስኪን!» አለች።

እቴቴን በሕይወቷ ምስኪን ያላት ሰው የለም። ቤት እስኪደርሱ አልቀለደችም። በር ላይ ሲደርሱ ብቻ፣

«አይክፋህ። መንገድህ እግር ላለው ሰው ጥሩ መንገድ ነው» አለችው።

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ይቺ «ጥሩ መንገድ» የምትለዋ ቃል አጥንቱ ድረስ ገባች።

በማግስቱ ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ አንድ አሮጌ ተሽከርካሪ ወንበር ተዋሰና ራሱ ተቀምጦበት መንገዱ ላይ ወጣ። ጎማው በተያዘ ቁጥር ወርዶ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ እንደገና ይቀመጣል፤ ይገፋል። ጥበቃዎቹ «ጋሼ አረጁ!» እያሉ ተሳሳቁ። ከሰዓት በኋላ የፓርኩ ሥራ አስኪያጅ ደረሰችበት። ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ።

«ጋሼ! ምን ነካዎት? እግርዎን ተጎዱ እንዴ?»

«እግሬስ ደህና ነው። መንገዱ ነው የተጎዳው።»

የቀለደ መሰላት። ተነሣና ወንበሩን አቀረበላት። «እስቲ ይቀመጡበት።» ተቀመጠች፤ ሦስት ሜትር ያህል ገፋች፤ ተያዘች። ወደ ኋላ ብትል፣ ወደ ፊት ብትል አልሆነላትም። ጎንበስ ብላ የተያዘውን ጎማ አየችና፣

«በቀን ስንቴ ነው የምመላለስበት! እንዴት አላየሁም?» አለች።

«እኔስ? ይሄን ሁሉ ዓመት ሳንኳኳው አልሰማሁም።»

ግን መንገዱን መዝጋት አይቻልም፤ ጎብኚ የሚጎርፍበት ወቅት ነው። አዲስ ጣውላም ዘንድሮ አይመጣም። አናጢው ይህን አስቦበት ነበር። በሩ ሳይከፈት እሠራለሁ፣ አምና ከፈረሰው የወፍ ማያ ማማ የተረፈው ጣውላ ይበቃናል አላት። የቸገረው ሌላ ነው። ጣውላዎቹን ካጠጋጋ፣ ዝናብ ሲመጣ አብጠው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ መንገዱም እንደ ግመል ጀርባ ይጎብጣል። ሳምንት ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በመጨረሻ ጣውላዎቹን አስቀድሞ ረግረጉ ውስጥ እየዘፈዘፈ፣ ውሃ ጠግበው ካበጡ በኋላ መምታት ጀመረ። የጠገበ እንጨት ከዚያ በላይ አያብጥም፤ በበጋ ቢኮማተር እንኳ የሚተወው ክፍተት እርሳስ አያስገባም።

በየማለዳው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ጣውላ ነቅሎ ይመታል። በሩ ሲከፈት መሣሪያውን ይሰበስባል። በአራተኛው ወር፣ ደረጃዎቹን አፍርሶ የሠራውን ተዳፋት መወጣጫ ጎርፍ ነቅሎ ወሰደው። ከሁለት ቀን በኋላ ደንገል መካከል ተገኘ፤ ዳክዬዎች ሰፍረውበታል። ሊያወጣው ሲሞክር ተንሸራትቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ዋና የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጥበቃዎቹ በገመድ ጎትተው አወጡት። ጭቃው ከፂሙ ላይ እየተንጠባጠበ «ቋሚው አጭር ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ያንኑ ዕለት አዲስ ቋሚ መጥረብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጥበቃዎቹ አልሳቁበትም። ተራ ገብተው፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከተረኝነታቸው አንድ ሰዓት ቀድመው እየመጡ ጣውላ ያቀብሉት ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። አንደኛው «የለበስነውን የሰፋችው እሷ አይደለች?» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ምክንያቱን ያነሣ የለም።

በስምንተኛው ወር አለቀ። እቴቴ ግን እንቢ አለች።

«አንዴ ተደፍቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

አልለመናትም። ሾርባውን እያማሰለ «ዛሬ ደግሞ አሥራ አራት ነበሩ» አለ።

«ምኖቹ?»

«ኤሊዎቹ።»

«ትዋሻለህ!»

«ነይና ቁጠሪያ።»

መጣች። መወጣጫውን ማንም ሳይነካት በራሷ ክንድ ወጣች። «እንዳትገፋኝ» ብላዋለችና እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከኋላዋ ይከተላል። ከግራና ቀኝ ደንገሉ ከራሷ በላይ ቆሟል፤ በመካከሉ ውሃው ሲገለጥ የውሃ አበባው ሐምራዊና ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። አንድ ሰማያዊ ወፍ ከአጠገቧ ተወርውሮ ውሃ ውስጥ ገባና በአፉ ዓሣ ይዞ ወጣ። እቴቴ «ውይ!» ብላ ወንበሯን አቆመች። ግንዱ ጋ ሲደርሱ ጣቷን እየቀሰረች ቆጠረች።

«ዘጠኝ።»

«ሌሎቹ ውሃ ገብተዋል።»

«ወሬኛ።»

ከዚያ ጎንበስ አለች። የሁለት ጣውላዎችን መጋጠሚያ፣ የደንበኛ ልብስ ስታስረክብ ስፌቱን እንደምትፈትሽበት አድርጋ፣ በጣቷ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ቀና ብላም አላየችውም።

«ስፌትህ ጥሩ ነው» አለች።

ስንት ባለሥልጣን እጁን ጨብጦ ሲያመሰግነው ፊቱ ያልተለወጠ ሰው፣ ፊቱን ወደ ደንገሉ አዙሮ ብዙ ቆየ።

አሁን በዚያ መንገድ ላይ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ እናቶች ይሄዳሉ፤ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ጠይቀው ይመጣሉ። ሥራ አስኪያጇ ጎብኚ ስታስገባ አናጢውን በስሙ ጠርታ ልታስተዋውቀው ትሞክራለች፤ እሱ ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ሚስማር ፍለጋ ይሄዳል። እቴቴ በየእሑዱ ትመጣለች። በወፎቹ ስም ከአስጎብኚዎቹ ጋር ትከራከራለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ትረታለች።

በቅርቡ መንገዱ የሚያልቅበት መደገፊያ ጋ ተቀምጣ አሻግራ ስታይ ቆየችና፣

«ከዚያ ደንገል ወዲያ ምንድን ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሐይቁ። ፔሊካኖቹ የሚያርፉበት።»

«መንገድ አለው?»

«የለውም።»

ዞራ አየችው። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛዋ ላይ በአናጢ እርሳስ የተሣለ ንድፍ አገኘች። የመጀመሪያዎቹ አርባ ቋሚዎች ባለፈው ወር ተተክለዋል።