ማንም መቅደም ያልፈለገበት ሩጫ

ከባለቤቴ ከገመቹ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ በቆሎ መፈልፈል ነበር። እሁድ ጠዋት በረንዳው ላይ፣ እኔ እንደ ልማዴ በቀኙ ተቀምጬ። ቢጫ ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች ወደ መናፈሻው እየሮጡ በአጥራችን ማዶ አለፉ፤ በየሳምንቱ ይሮጣሉ። ገመቹ እጁን አቁሞ ጥቂት አያቸውና፣ «እነዚህ ከልባቸው ነው የሚሮጡት» ብሎ ወደ በቆሎው ተመለሰ። ሐሙስ ዕለት አረፈ።

የእኛም ሩጫ በዚያው መናፈሻ፣ እሁድ እሁድ ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ወጣቱን ሁሉ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሰበስባል፤ የቀረ እንደሆነ ቤተሰቡ ተጠርቶ ይጠየቃል። በዛፎቹ ዙሪያ ሦስት ዙር እንሮጣለን። መጀመሪያ ላይ ወደነው ነበር፤ አልዋሽም። ክረምቱ ወጥቶ ቀዩ ጭቃ ገና አልደረቀም፣ ሣሩ በጤዛ ርሷል፣ ስንጨርስ በር ላይ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች አሉ። ጥርሳችን በበቆሎ ተሞልቶ እየተሳሳቅን ወደየቤታችን እንገባ ነበር።

ኋላ፣ አንደኛ የወጡ ሁለት ልጆች ተከታትለው ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰዱ። አጋጣሚ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ግን አንዱን ከሌላው አገናኘው። ከዚያ ወዲያ መቅደም የሚፈልግ ጠፋ።

በሠርግ ቤት ደጃፍ ሽማግሌዎች ቅድሚያ እንደሚሰጣጡት፣ ወጣቶቹም መጨረሻው መስመር ፊት ቆመው ይለማመጡ ጀመር። «አንተ ቅደም።» «ኧረ በሞቴ፣ አንተ እያለህ?» አንድ እሁድ ሲለማመጡ፣ ለጉልበታቸው ሕመም ይበጀኛል ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የሚሮጡት አዴ ጫልቱ በመሃላቸው ሰንጥቀው አንደኛ ወጡ። «እንግዲህ እኔን ይውሰዱኝ፤ ለጦሩ ገንፎ አገነፋለሁ» ብለው አረፉት። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ አፉን ይዞ ሳቀ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አልሳቀም። በሚቀጥለው እሁድ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች በዛፎቹ መሃል አቁሞ፣ እግሩን የሚጎትት ሁሉ ያኔውኑ እንደሚወሰድ አስታወቀ።

የቤታችን ጭንቀት ወንድሜ ታደሰ ነበር። አባታችን ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ሰው ነው፤ እኛን ወልዶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እናታችን ልቧን ያማታል። ታዴ ደግሞ ቀስ ብሎ መሮጥ አያውቅበትም፤ ውርደት ይመስለዋል። ያን ዕለት እናቴ፣ «ሄደሽ ጠብቂልኝ፤ እሱ ከተወሰደ እኔ አልተርፍም» ብላ ላከችኝ።

የመጨረሻው ዙር መታጠፊያ ላይ ቆሜ አየሁት። ብቻውን ከፊት ነው። በእጄ ምልክት ባሳየው አላየኝም፤ ምናልባትም ማየት አልፈለገም። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ገመቹ ይመጣል። ያኔ ጎረቤታችን ነው፤ በአንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል፤ ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ገመቹ፣ በእናትህ ቅደመው» አልኩት።

ምን እንደጠየቅኩት አውቅ ነበር። እሱም ገብቶታል። አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። ከዚያ እንደዚያ ሲሮጥ፣ በፊትም በኋላም አይቼው አላውቅም። መስመሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ታዴን ጭቃው አዳለጠው፤ ገመቹ አለፈው።

በሳምንቱ ወሰዱት። ለእናቱ ውሃ የምቀዳላቸው እኔ ሆንኩ። «ልጄ መሽቀዳደም አይወድም ነበር፤ ያን ቀን ምን ነካው?» ይሉኛል። «እኔ እንጃ» እላለሁ። ይህን ጥያቄ ደጋግመው ጠየቁኝ፤ እኔም ደጋግሜ ያንኑ መለስኩ። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ።

በሦስተኛው ዓመት ገመቹ የግራ ጆሮው ደንቁሮ ተመለሰ። ሻንጣውን እንደያዘ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኛ በር ነው። «ኦቦሌቲ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። «ቤታችን ተዘግቷል፤ እናቴ የት ሄደች?»

የነገርኩት እኔ ነኝ።

በዓመቱ ተጋባን። በፍቅር ይሁን በጸጸት ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ሁለቱን መለየት ካቆምኩ ግን ቆየሁ። እሱ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ታዴ ዛሬ ዲጋ ይኖራል፤ ልጆቹን ድሯል። በዓል በመጣ ቁጥር፣ «ያ ጭቃ ባይኖር አትቀድመኝም ነበር» ይለው ነበር። ገመቹም፣ «እውነትህን ነው፣ የቀደመህ ጭቃው ነው» ብሎ ይስቅ ነበር። ያን ጊዜ ወደ እኔ አይመለከትም ነበር።

ታዴ ለቅሶው ላይም ይህንኑ ተረከ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው በእንባው መሃል ሳቀ። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ተነሣሁ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ግን ወንድሜ ሽማግሌ ነው፤ ሕይወቱን ሙሉ የኖረው ያንን ሩጫ በጭቃ እንደተሸነፈ እያመነ ነው። ያንን ወስጄ በምትኩ ምን ልሰጠው እችላለሁ?

ገመቹን የቀበርነው ከእናቱ ጎን ነው፤ ራሱ ነው የተናዘዘው። እሁድ እሁድ ጠዋት እሄዳለሁ። አገሩ ዝናብ አያጣም፤ አረሙ ቶሎ ይበቅላል። መጀመሪያ የእናቱን መቃብር አርማለሁ፤ ቀጥሎ የእሱን።