ብድር የማይመልሱ እንግዶች

ብቻውን ለሚኖር ሰው የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል መኖር ከባድ ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ወይም ትንሽ ለማማረር ነው። ፍቅር ይታገሣል ይላል፤ ማንን ልታገሥ? እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ ይላል፤ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሬን ዘግቼ፣ ከማን ጋር ተጣልቼ ነው ይቅር የምባባለው? ከቴሌቪዥኑ ጋር?

ረቡዕ ረቡዕ የቤት ኅብረታችን ሲሰበሰብ፣ መሪያችን ጥናቱን የሚጀምረው ባለፈው ሳምንት ቃል ምን እንዳደረግንበት በመጠየቅ ነው። አንዷ ከአማቷ ጋር እንደታረቀች ትመሰክራለች። ሌላው ሚስቱን ሳይቆጣ ሳምንቱን እንደጨረሰ ይናገራል፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ጌታ መልካም ነው» ብዬ አልፋለሁ። መልካም ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከሥራ ተመልሼ በሬን ስከፍት «መጣሽ?» የሚለኝ ሰው የለም።

ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ የተሰፋ ሸሚዝ እያገላበጡ ጉድለት መፈለግ ነው። ይህ ሥራ ሰውን ያበላሻል፤ ምስክርነት ስሰማ እንኳ ስፌቱ የላላበትን ቦታ ነው የምፈልገው። ከኅብረቱ ሰዎች አንዱም ቤቴን ረግጦ የማያውቀው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

አንድ ረቡዕ ያጠናነው ቃል፣ ግብዣ ስታደርጉ ወዳጅና ዘመድ ሳይሆን ብድር ሊመልሱላችሁ የማይችሉትን ጥሩ የሚለው ነበር። መሪያችን እስከ እሑድ እንድንፈጽመው አዘዘን። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እኔ ደስ አለኝ። በስንት ጊዜው ለእኔ የሚሆን ቃል ተገኘ፤ ዘመዶቼ ሆሳዕና ናቸው፣ ወዳጅ የለኝም፤ የትእዛዙን ግማሽ ከወንበሬ ሳልነሣ ፈጽሜዋለሁ።

ሁለት ሰው ጠራሁ። አንደኛው የብሎካችን ጥበቃ ናቸው፤ ጠዋት ሰርቪስ ለመያዝ ስወጣ «በሰላም ግቢ» የሚሉኝ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ከበሬ ፊት ለፊት ያሉት እናት ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ሙስሊም። ልጃቸው ኤርፖርት ስለምትሠራ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ሁለቱም ትንሽ አንገራገሩ። ይሉኝታ መሰለኝ፤ ወጥሬ ያዝኳቸውና እሺ አሉ።

ቅዳሜ ዶሮ ገዝቼ እዚያው ገበያ አሳረድኩ። ሽንኩርቱን እያቁላላሁ ስዘምር ዋልኩ። ሰሃኖቼን ከካርቶናቸው አወጣሁ፤ ወደዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከአንዱ በቀር አልተነኩም ነበር።

እሑድ ከአምልኮ መልስ፣ ጥበቃው ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው። የድስቱን ክዳን ስከፍት ዶሮውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ክዳኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኛ ጴንጤዎቹ ሁዳዴን አንጾምም፤ መግባት መውጣቱ የእኔን ድስት አይመለከተውም። ግን እንዴት ይጠፋኛል? የፋብሪካው ካፌ ከሽሮና ከምስር ሌላ ማቅረብ ካቆመ ሰንብቷል። ሻይ በዳቦ አቀረብኩላቸው፤ መርቀውኝ ጠጡ። ብዙም ሳይቆይ ከታች የመኪና ጥሩንባ ሲሰማ በር ሊከፍቱ ወረዱ። ጥሩንባው ሁለታችንንም ገላገለን።

እሳቸው እንደወጡ እማማ ዳቦ በፎጣ ሸፍነው ይዘው ገቡ። ሁለተኛው ጥፋት ያን ጊዜ ታየኝ። ዶሮውን ያረደልኝ ክርስቲያን ነው፤ እማማ ደግሞ ሙስሊም ያላረደውን ሥጋ አይበሉም። ይህን ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅሎ በሚኖርበት አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በሥራዬ የላላ ቁልፍ ከሩቅ የማይ ሴት፣ ሰው ሊመጣልኝ ነው ብዬ ዓይኔ ታውሮ፣ ከእኔ በቀር ማንም የማይበላው ማዕድ አሰናዳሁ። አለቀስኩ። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ጭልፋ ይዤ፣ እንግዳ ፊት። የማለቅሰው ለዶሮው እንዳልሆነ እማማ የገባቸው ይመስለኛል።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። «እኔን ሥጋ አላመጣኝም። ቁጭ ብለሽ ብዪ።»

እንግዳዬ ጦሙን ተቀምጦ እኔ ብቻዬን እንዴት እበላለሁ አልኳቸው።

«ብቻሽንማ አይደለሽም። እኔ አለሁ አይደል?»

ተቀመጥኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ካመጡት ዳቦ ቆረሱ። እንጀራውን ስነካካው ጥቂት አዩኝና ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ እንጀራ ቆርሰው፣ እሳቸው ከማይቀምሱት ዶሮ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ሰው ለራሱ ምግብ ይሠራል፣ ለራሱ ይዘምራል፤ ራሱን ግን አያጎርስም። የሰው እጅ ወደ አፌ ከመጣ ስንት ጊዜው እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። አንድ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። በኋላ እጃቸውን በሳሙና ደህና አድርገው ታጠቡ፤ ምንም አልከፋኝም።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። እሳቸውም ግድግዳ እያዩ መብላት እንደሰለቻቸው ነገሩኝና፣ ስትበዪ ጥሪኝ አሉ። ሰው ለጨዋታ ያህል የሚለው ነገር መሰለኝ።

ረቡዕ መሪያችን ጠየቀ። ተራዬ ሲደርስ፣ ብድር የማይመልሱ እንግዶች ጠርቼ ነበር፣ ለካ ብድሩን መመለስ የማልችለው እኔ ነኝ አልኩ። ሌላም ልናገር ፈልጌ ነበር፤ አንድ ሁለቱ «አሜን» አሉና መሪያችን ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ኅብረቱ ሲያልቅ ሁሉም ጥንድ ጥንድ እየሆነ ወጣ። እኔ ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሽሮ ሠራሁ። በሰሃን አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ መልሼ ሰሃኑ ላይ አኖርኩት። ተነሥቼ ባዶ እጄን ከፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። ልብሴ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከፈቱ።

«እማማ» አልኳቸው፤ «ልበላ ነው።»