ሰኞ ማክሰኞ በፒያኖ

ሥራ የጀመርኩት ከፒያኖው ጋር በመጣላት ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በሙዚቃ መምህርነት ቀጥሮኝ፣ በመጀመሪያው ጠዋት ክዳኑን ብከፍተው ግማሾቹ ቁልፎች ከተጫኑ በኋላ አይነሱም። የአርባ ምንጭ ሙቀትና እርጥበት እንጨቱን አሳብጦታል። ተማሪዎቹ እስኪገቡ ቁልፎቹን እየነቀልኩ ጎናቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ።

እኔ ስማር የቁልፎቹ ስም የሚያዘው በሽምደዳ ነበርና እንደዚያው አስተማርኩ። «ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ዶ ነው» እላለሁ። «ዶ ነው!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። በማግስቱ ስጠይቃቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙሉጌታ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። አንድ ሰኞ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«መምህር፣ ወላጆች ክፍሉ ለኮምፒውተር ይሁን ይላሉ። ዓርብ መጥቼ ልጆቹን እፈትናለሁ። የቁልፎቹን ስም ካላወቁ ፒያኖው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል።»

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ፒያኖው ግምጃ ቤት ከገባ ምስጥ እንደሚበላው፣ እኔም ሥራ እንደሌለኝ አውቃለሁ። ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ትቼ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ፤ ደርሼም አልረጋም፣ ተመልሼ እወርዳለሁ።

በእረፍት ሰዓት እንዲሁ ስንጎራደድ ሴቶቹ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አየሁ። በአንድ እግር እየዘለሉ የቀኖቹን ስም ይጠራሉ፤ አንዷም አትሳሳትም። ሰባት ቀን፣ ሰባት የቁልፍ ስም! ጠመኔ ይዤ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ሰባት ቤት አሰመርኩና ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ብዬ ጻፍኩባቸው። ጥቁሮቹን ቁልፎችም በየመሃላቸው በከሰል ቀባሁ። ደወል ተደውሎ እንኳ የሚገባልኝ ልጅ ጠፋ።

ከሁሉ ጎበዟ ማርታ ነበረች። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ በሚባል ቦታ ሙዝ ያመርታሉ፤ ሊወስዷት መጥተው ስትዘል አገኟት።

«ቲቸር፣ ይሄ ጨዋታ እኛ ሰፈርም ሞልቷል እኮ። ለዚህ ነው እዚህ ድረስ የማመላልሳት?»

«እስከ ዓርብ ብቻ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹ እንዳይደናገሩ ብዬ ዶ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፍኩ። አቶ ሙሉጌታ እስክሪብቷቸውን ይዘው ተቀመጡ። ማርታ ቀረበችና ከሬ ጀመረች። «ከዶ» አልኳት። አሁንም ሬ። ሌሎቹም ተራ በተራ እየመጡ ዶን እየዘለሉ ከሬ ጀመሩ።

«ዶን ረሱት?» አሉ አቶ ሙሉጌታ።

«ማርታ!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሏል። «ዶን ለምን ትዘያለሽ?»

ልጅቷ ደንግጣ ወደ ቀዩ ወረቀት ጠቆመች። «ቲቸር፣ ጠጠር አለበታ! ጠጠር ያለበት ቤት አይረገጥም።»

ሌሎቹ ልጆች ከኋላ ሆነው «አዎ፣ ይቃጠላል!» እያሉ ተንጫጩ። በጨዋታቸው ጠጠሩ ያረፈበትን ቤት የረገጠ ይወጣል። ወረቀቱን ቦጭቄ ጣልኩት። ማርታ ከዶ ጀምራ እስከ ሲ ስማቸውን እየጠራች ተጫወተች።

አቶ ሙሉጌታ ግን አላመኑም። «በቅደም ተከተል ሸምድዳው ይሆናል። ማርታ፣ ከፒያኖው ራቅ በይ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ። እስቲ አሁን ቁልፎቹን ሳታዪ አስቢና ዞረሽ ፋን ብቻ አሳዪኝ።»

እኔ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። አለቀልኝ አልኩ። ልጅቷ አንድ እግሯን አነሳችና ባዶው ወለል ላይ ዘለለች፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ። እዚያው ቆማ አሰበች። ከዚያ ዞራ ወደ ፒያኖው መጣችና በአንድ ጣቷ ፋን ተጫነች።

አቶ ሙሉጌታ ለረጅም ጊዜ እግሯን አዩ። እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ኮምፒውተሩ ሌላ ክፍል ይፈለግለት» አሉና ወጡ።

ለአዳዲስ መምህራን የምለው ይህን ነው። ልጅ በጨዋታ ስታስተምሩ የጨዋታውንም ሕግ አብሮ ይማራል። ስለዚህ ሕጉን ቀድማችሁ እወቁ።