ከፌርፋክስ ወደ ሳክራሜንቶ፦ ለመስጊዳችን ጥበቃ ፍለጋ

ንጋት፣ ፒኮ ሮበርትሰን

ሱብሂ ሰግጄ ከሀበሾቹ ሰፈር ከፌርፋክስ ወደዚህ ወደ አይሁዶቹ ሰፈር በእግሬ መጣሁ። አውቶቡሱን የተከራየው የአይሁዶች ተሟጋች ድርጅት ነው። ለቤተ እምነቶች ጥበቃ ድጎማ የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ ዛሬ ሳክራሜንቶ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። የእኛ መስጊድ መስኮቱ በድንጋይ ከተሰበረ ወዲህ፣ በር ላይ የምትቆመው ባለቤቴ ዘይነባ ናት። ጁምዓ ግዴታነቱ ለወንድ ስለሆነ፣ እናንተ ስገዱ፣ እኔ እጠብቃለሁ አለች። እኛ ምንጣፍ ላይ፣ እሷ አስፋልት ላይ። ያሳፍራል።

ድርጅቱ ለራሱ ብቻ መጠየቅ ይችል ነበር። ሠራተኛዋ ሩት ግን መስጊዳችን ድረስ መጥታ አብራችሁን ኑ አለችን። ጎረቤት ማለት ይህ ነው።

ረፋድ፣ አውራ ጎዳናው ላይ

ተራራውን አልፈናል። ግራ ቀኙ የአልሞንድ ዛፍ ነው። ሹፌራችን ከድር እዚሁ አሜሪካ፣ ጋርዴና ተወልዶ ያደገ የወሎ ዘር ነው። ሳምቡሳ ዘርግቼ ሩትን ብጋብዛት፣ በምን ድስት እንደተጠበሰ ጠይቃ ተወችው። እኔም ሐላል መሆኑን ለማወቅ በየምግብ ቤቱ እንዲሁ ስለምጠይቅ ደስ አለችኝ። ሙዝ ተካፈልን። ኮሚቴው ፊት ለመናገር ሁለት ደቂቃ ብቻ እንዳለኝና ስለ በሩ ብቻ እንድናገር አስጠነቀቀችኝ።

ቀትር፣ ሳክራሜንቶ

ትልቅ ሰው ፊት ቀርቦ ዘሎ ጉዳይ ውስጥ መግባት ነውር ነው። የሰብሳቢዋን ጤንነት፣ የቤተሰቧን ደህንነት ጠየቅሁ፤ አባላቱን በየተራ አመሰገንሁ፤ ለአገሩ ዱዓ አደረግሁ። አሚን ብዬ ቀና ስል ሰዓቴ አልቋል። ስለ በሩ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ቀጣይዋ ሩት ነበረች። ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው።

"የእኔ ምኩራብ ጥበቃ አለው" አለች። "የእሳቸውን መስጊድ ማን እንደሚጠብቀው እባክዎ ይጠይቋቸው።"

ሰብሳቢዋ ከጠየቀች መልሱ ከሰዓቴ አይቆጠርም፤ ሩት ደንቡን ታውቃለች። ሰብሳቢዋም ጠየቀችኝ።

"ባለቤቴ ናት። እኛ ስንሰግድ እሷ ውጭ ትቆማለች" አልሁ።

ሌላ አልጨመርሁም። ልጆቼ ይህን አያምኑም። ድምፅ ተሰጠ፤ ረቂቁ አለፈ።

መመለሻ

"ጋሼ፣ ሌላ ሁለት ደቂቃ ቢጨምሩልህ ስለ ከብቶቻቸውም ትጠይቃቸው ነበር" አለኝ ከኋላ ተቀምጦ ሲሰማ የነበረው ከድር። አንተ ማለቱን እንኳ አልገሠጽሁም፤ ሳቅሁ። ሩት ግን ገና ሌላ ኮሚቴ፣ ከዚያም የምክር ቤቱ ድምፅና የገዥው ፊርማ እንደሚቀር ነገረችን። እውነቱን የሚናገር ሰው እወዳለሁ።

ለዘይነባ ደወልሁላት።

"ሶ፣ ከሥራ ልታስወጣኝ ነው የሄድከው?" አለች።

ገና መሆኑን አስረዳኋት።

"ኦኬ። እስከዚያ እቆማለሁ። ጠባቂ ሲቀጠር ግን ከሴቶቹ የፊተኛው ረድፍ የእኔ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጡብኝ።"