ፓስታው ላይ የፈሰሰው አቼቶ

ዘርእዝጊ ኮሪያኛ እንደሚናገር በመላ አስመራ የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ሚስቱ ኣምለሰት። እሷም ብትሆን ፈልጋ አይደለም ያወቀችው። በተጋቡ በዓመታቸው ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ይቃዥ ነበር፤ ሰምታው በማታውቀው ቋንቋ ሲለፈልፍ ጋኔን የያዘው መሰላትና ጸበል ይዛ መጣች። ፊቱ ላይ ስትረጭበት ነቅቶ እየተርበተበተ እውነቱን ነገራት።

እውነቱም ይህ ነበር። በደርግ ዘመን፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ የብረታ ብረት ሥራ እንዲማር ተመርጦ ለሦስት ዓመት ወደ ፒዮንግያንግ ተላከ። የፓርቲ አባል አልነበረም። ግን ማን ያምነዋል? ነጻነት ከመጣ ወዲህ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ያኔ የት ነበርክ?» የሚል ሆኗል። በረሃ የነበረ አንገቱን ቀና አድርጎ ይመልሳል። ሱዳን የተሰደደም ይመልሳል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ሲሸማቀቅ የኖረም የሚያወራው አያጣም። በደርግ ገንዘብ፣ በደርግ ወዳጅ አገር፣ በሙቅ ክፍል ተኝቶ የተማረ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? በዚያ ላይ የኣምለሰት ወንድም መንግስትኣብ ታጋይ ነበር። እሁድ እሁድ ምሳ ሊበላ ቃሓውታ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሲመጣ የሚያነክስ እግሩ ኮቴ ከደጅ ይሰማል፤ ዘርእዝጊም ያን ኮቴ በሰማ ቁጥር ከተቀመጠበት ብድግ ይል ነበር። አማቹ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮት አያውቅም። ቢሆንም ፈራው፤ የፒዮንግያንግ ዲፕሎማውን እሳት ውስጥ የጨመረውም በአንዱ እሁድ ጠዋት፣ ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ነጻነት በመጣ በአምስተኛው ዓመት ይሠራበት የነበረው ወርክሾፕ ተዘጋና መንፈቅ ያህል ቤት ዋለ። በዚያው ሰሞን ከደቡብ ኮሪያ የመጣ የሥራ ተቋራጭ በከተማዋ ዳር ፎቅ ቤቶች ሊሠራ ነው ተባለ፤ የመሣሪያ ዓይነት ለይቶ የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛም የሚሞካክር የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይፈለጋል።

«ዋእ! አብደሃል እንዴ?» አለች ኣምለሰት። «ስንት ሕዝብ ባለበት ዓለም መርጠህ መርጠህ እነሱ ዘንድ?»

«እነዚህ እኮ የደቡቦቹ ናቸው። የነበርኩት ሰሜን ነው።»

«ይህማ ባሰ! የእነዚያ ጠላቶች አይደሉም? ሰላይ ነው ቢሉህስ?»

«አፌን ዘግቼ እሠራለሁ። አንዲት ቃል አይሰሙኝም።»

«እወ፣ ዝጋው። ስትቃዥም አትክፈተው!» አለችና እሷው ራሷ ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ልጆቹ ወደተኙበት ክፍል አየችና ሳቋን ዋጠችው።

ተቀጠረ። የሚገርመው ለዝምታ የሚከፈል ዋጋ ነው። የማያውቁትን ቋንቋ አለማወቅ ቀላል ነው፤ የሚያውቁትን እንዳላወቁ ሆኖ መዋል ግን ጀርባ ይሰብራል። ኮሪያውያኑ ሲቀልዱ ሳቁን በጥርሱ ነክሶ ይይዛል። መዶሻ አቀብለኝ ሲባባሉ እጁ ወደ መደርደሪያው ይሄድበታል። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ ከላይ በኮሪያኛ «ተጠንቀቁ!» ብሎ ሲጮህ ዘርእዝጊ ከሁሉ ቀድሞ ዘለለ፤ ጣውላውም እሱ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። የግንበኞቹ አለቃ ሃብተሚካኤል «አንተ ሰው፣ ጆሮህ የድመት ነው!» ብሎ ትከሻውን መታው። ሌላው ሁሉ ከሞት ተረፈ ብሎ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ዘርእዝጊ ማን አየኝ እያለ ዙሪያውን ይቃኝ ነበር።

ከፍርሃቱ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን ለኣምለሰት እንኳ አልነገራትም። ሰዎቹን ይወዳቸዋል። በፒዮንግያንግ መምህሮቹ ደቡቦቹን እንደ ሰው እንኳ አይቆጥሯቸውም ነበር። እነሆ አሁን ያያቸዋል። ምስማር ሲያቀብሉ በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ነው። ትልቁ ማንኪያውን ሳያነሳ ትንሹ አይበላም። ቢሮ ሲገቡ ጫማቸውን ደጅ ይተዋሉ። ጠዋት ሲያገኙህ ስለ ሥራው ከመጠየቃቸው በፊት ቁርስ በልተህ እንደሆነ ይጠይቁሃል፤ አልበላሁም ካልክ ጉድህ ፈላ፣ የራሳቸውን ከፍለው ካላጎረሱህ አይለቁህም። ቁርጥ ሰሜኖቹን ይመስላሉ። አገር ለሁለት ተከፍሎ ጠባይ ሳይከፈል ቀርቷል። ይህን ለአንዱ ቢነግረው፣ «ወንድሞቻችሁን አውቃቸዋለሁ፣ እነሱም እንዲሁ ናቸው» ቢል ምንኛ በወደደ! ግን የሁለት ልጆች አባት ነው።

የመጀመሪያው ሕንጻ ጣሪያ በኮንክሪት ሲሞላ ድግስ ተደገሰ። ግንቦት ነበር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኮሪያውያኑ ትልቅ ክብር መስሏቸው ያገራቸውን ምግብ አቀረቡ፤ በረዶ በሚንሳፈፍበት ሾርባ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን ፓስታ። ሃብተሚካኤል ሳሕኑን አተኩሮ አየና «ፓስታ በበረዶ! ኣየ ጉድ! ጣልያን ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ በራሱ ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄድልን ነበር» አለ። ግንበኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ሹካም ተጠየቀ።

ዘርእዝጊ አልሳቀም። ይህን ምግብ ከቀመሰ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ሲገባ የት እንዳለ ጠፋው። ሁለቱን የመብያ እንጨቶች አነሳ፤ ፓስታውን ከሾርባው ወደ ላይ አንጠለጠለ፤ በግራ እጁ አቼቶ ወስዶ በተንጠለጠለው ፓስታ ላይ ብቻ አፈሰሰና ቀስ አድርጎ መለሰው። ሾርባው ውስጥ ጠብታ አልጨመረም። ቀና ሲል ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት የኮሪያውያኑ አለቃ፣ ሽማግሌው ኢንጂነር ሃን፣ ጉርሻቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቀርቷል። የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር።

ከማዕዱ ሲነሱ በአጠገቡ አለፉና በእንግሊዝኛ «አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮዬ ና፤ ብቻህን» አሉት።

ያ ከሰዓት በኋላ አላልቅ አለ። መዶሻ ለጠየቀው አካፋ ሰጠ። ከሥራ መባረሩን አሰበ፤ እሱስ ይሁን። ግን ለምን ተባረርክ ሲባል ወሬው ይወጣል፤ ወሬው መንግስትኣብ ጆሮ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልቻለም። እንዲያው ሹልክ ብሎ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሄደ፤ አውቶቡሱም መጣ፤ እግሩ ግን አልሳፈር አለው። ብሸሽ ማመኔ ነው ብሎ ተመለሰ።

ዘርእዝጊ ሲገባ ኢንጂነር ሃን ከወንበራቸው ተነሱ። በሩን ቆለፉ። መስኮቱን ዘጉ። ሬዲዮውን ከፍተው ድምፁን ከፍ አደረጉት። ሰዎች ሲመረመሩ እንዲህ እንደሚደረግ ዘርእዝጊ ሰምቷል።

«እንዲያ የሚበላ የፒዮንግያንግ ሰው ብቻ ነው» አሉ በኮሪያኛ፣ በሹክሹክታ። «ሴኡል ውስጥ አቼቶውን ሾርባው ላይ ነው የምናፈሰው።»

ዘርእዝጊ መሬት መሬቱን እያየ ያልገባው መሰለ።

«እናቴ እንደዚያ ነበር የምትበላው» አሉ ሽማግሌው። «እኔ የዚያ ሰው ነኝ። በጦርነቱ ክረምት፣ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ደቡብ ሸሸሁ። እሷ ታናሽ እህቴን ልትጠብቅ ቀረች። በሦስት ቀን እንደርስብሃለን አለችኝ። አርባ ስድስት ዓመት ሆነ፤ መሞቷንም መኖሯንም አላውቅም። እባክህ፣ መጠየቄን ለማንም አትናገር። በእኛ አገር ሕግ ከዚያ ወገን ወሬ መፈለግ ያሳስራል። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ።»

ዘርእዝጊ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። በሩም የተቆለፈው፣ መስኮቱም የተዘጋው ለካ ሰውዬው ለራሳቸው ፈርተው ኖሯል። አሁንም ቢሆን ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አልገባኝም ብሎ ቢወጣ ማንም አይነካውም። አንጀቱ ግን አልቻለም።

«ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ» አለ በኮሪያኛ። ሽማግሌው የፒዮንግያንግ ቅላጼውን ሲሰሙ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

የሰፈራቸውን ስም ጠሩለት። አላወቀውም። «ያየሁት ሕንጻ ሁሉ አዲስ ነበር» አላቸው፤ ሊዋሻቸው አልፈለገም።

«ሰዎቹስ?»

«ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ከውጭ ሰው ጋር ማውራት ስለማይፈቀድላቸው በጥድፊያ ነበር ደግ የሚሆኑት፣ እንደ ሌባ። በመጀመሪያው ክረምት እጄ ሲሰነጣጠቅ የምግብ ቤታችን አሮጊት ሹራብ ጓንት ሠርተው ከሳሕኔ ሥር ሸጎጡልኝ። አቼቶውንም ሾርባው ላይ ሳፈስስ አይተው፣ ከእጄ ነጥቀው እንዴት እንደሚበላ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሰው አይቶን እንደሆነ ዞር ዞር ብለው እያዩ።»

ኢንጂነር ሃን ወደ ፊት አጎነበሱ። «ዕድሜያቸው?»

«ሰባን ያለፉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጄ ካንተ ጥቂት ባነሰ ዕድሜው ነው የተለየኝ ብለውኛል።»

ሬዲዮው እየጮኸ ነው፤ ሁለቱም አይሰሙትም።

«ስማቸው ማን ይባላል?»

ሽማግሌው የዘርእዝጊን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጃቸው በላሁ» አለ በመጨረሻ። «ስማቸውን ለመጠየቅ ግን ፈራሁ።»